የመጀመሪያው የውድድር ቅዳሜና እሁድ በብራንድስ ሃች፦ ለጀማሪ አሽከርካሪ ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ በሌላ ሙያ እየኖረ በትርፍ ጊዜው መኪና መወዳደር ለቆረጠ ሰው የተጻፈ ነው። የማወራው ስለ ፎርሙላ ዋን አይደለም። እንግሊዝ አገር ክለቦች ከመጋቢት ገደማ ጀምሮ እስከ መኸር በየሳምንቱ መጨረሻ ስለሚያዘጋጁት የቱሪንግ ካር ውድድር ነው፤ ፎርድ ፊየስታ፣ ሬኖ ክሊዮ፣ ሆንዳ ሲቪክና የመሳሰሉት የቤት መኪኖች ወንበርና ምንጣፋቸው ወጥቶ፣ ሮል ኬጅ የሚባለው የብረት መከላከያ ገብቶላቸው የሚፎካከሩበት። ቢአርኤስሲሲ፣ ቢኤአርሲ፣ 750 ሞተር ክለብ፣ ክላሲክ ቱሪንግ ካር ሬሲንግ ክለብ ከታወቁት አዘጋጆች ውስጥ ናቸው።

ለምሳሌ የወሰድኩት ኬንት ውስጥ ያለውን ብራንድስ ሃች የተባለ የውድድር መንገድ ነው። ለንደንና አካባቢዋ ለሚኖር አበሻ ቅርብ ነው፤ ከኤም 25 ወጥታችሁ በኤ 20 ትንሽ እንደሄዳችሁ ታገኙታላችሁ። ረጅሙ መንገዱ ከ1964 እስከ 1986 በየሁለት ዓመቱ የብሪታንያ ግራንድ ፕሪን ያስተናገደ ሲሆን፣ የክለብ ውድድር በአብዛኛው የሚካሄደው ኢንዲ በሚባለው አጭሩ ላይ ነው። የኢንዲ ርዝመት 1.944 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደህና የተዘጋጀች ትንሽ መኪና አንድ ደቂቃ ገደማ በሚሆን ጊዜ ትዞረዋለች።

ከመጀመራችን በፊት ግባችሁን ወስኑ። ለመጀመሪያው ቅዳሜና እሁድ ዋንጫ አታስቡ። የቅዳሜውንና የእሁዱን ውድድር ጨርሶ፣ መኪናዋን ሳያጋጩ ተጎታች ላይ ጭኖ ወደ ቤት መመለስ ትልቅ ውጤት ነው። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሁሉ ለዚህ ግብ የታለመ ነው።

ፈቃድና ምዝገባ

ብሪታንያ ውስጥ የመኪና ውድድርን የሚመራው አካል ሞተርስፖርት ዩኬ ይባላል። መጀመሪያ ለጀማሪዎች የሚያዘጋጀውን ጥቅል ትገዛላችሁ፤ ቀጥሎ አርድስ በሚባለው ማኅበር ሥር ባለ የውድድር ማሠልጠኛ ፈተና ትወስዳላችሁ። በጽሑፉ ፈተና ስለ ባንዲራና ስለ ደኅንነት ትጠየቃላችሁ። በመንዳቱ ፈተና ደግሞ ፈታኙ አጠገባችሁ ይቀመጣል። ፍጥነት ለማሳየት ብሎ መኪናዋን ከመንገድ የሚያስወጣ ሰው እዚያው ይወድቃል፤ ፈታኙ የሚፈልገው ዙር በዙር አንድ ዓይነት መስመር የሚይዝ፣ ስፖኪዮ የሚያይ፣ ፍሬን በልኩ የሚረግጥ ሰው ነው።

ፈቃዱ እንደወጣ የክለቡ አባል ሁኑና ውድድሩን ተመዝገቡ። ከመመዝገባችሁ በፊት ግን የምድቡን ደንብ ከዳር እስከ ዳር አንብቡ። የትኛው ጎማ እንደሚፈቀድ፣ ዝቅተኛው ክብደት ስንት እንደሆነ፣ ሞተሩ ላይ ምን መንካት እንደማይቻል እዚያ ተጽፏል። አንዳንድ ምድብ መኪናዋን ባዶዋን ይመዝናል፣ ሌላው አሽከርካሪው ተቀምጦባት፤ ይህን ሳያዩ መኪና መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ሌላም ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ፦ የመንገድ ኢንሹራንስ ውድድር ላይ የደረሰን ጉዳት አይሸፍንም፤ በተለመደው አሠራር ደግሞ ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን እያንዳንዱ የራሱን መኪና በራሱ ወጪ ያስጠግናል። ስለዚህ ብትሰባበር ልታጧት የምትችሉትን መኪና ብቻ ይዛችሁ ግቡ።

ባንዲራዎቹ

በእንቅልፍ ልባችሁ ሳይቀር ልታውቋቸው ይገባል፤ ለፈተናው ሸምድዶ መርሳት አይሠራም። አንድ ቢጫ ሲውለበለብ አደጋ አለ ማለት ነው፤ ፍጥነት ቀንሱ፣ አትቅደሙ። ሁለት ቢጫ ሲውለበለብ በጣም ቀንሱ፣ ለመቆም ተዘጋጁ፤ ሰው ወይም መኪና መንገዱን ዘግቶ ሊሆን ይችላል። አረንጓዴ አደጋው ማለፉን ይነግራል። ቢጫና ቀይ ሽንትር ያለበት መንገዱ ያዳልጣል ይላል፤ ዘይት ወይም ዝናብ ነው። ሰማያዊ ከኋላችሁ ፈጣን መኪና መምጣቱን ያሳያል። ነጭ ከፊታችሁ በዝግታ የሚሄድ ተሽከርካሪ አለ ማለት ነው። ቀይ ከሆነ ውድድሩ ቆሟል፤ ሳትቀዳደሙ በዝግታ ወደተባላችሁበት ሂዱ።

ከቁጥራችሁ ጋር የሚታዩት ደግሞ የእናንተው ጉዳይ ናቸው። ጥቁርና ነጭ በሰያፍ የተከፈለው ስለ አነዳዳችሁ ማስጠንቀቂያ ነው። ጥቁር ሆኖ መሐሉ ላይ ብርቱካናማ ክብ ያለው መኪናችሁ ላይ ብልሽት ታይቷልና ግቡ ይላል። ሙሉ ጥቁሩ ወደ ፒት፣ ማለትም መኪኖች ከመንገድ ወጥተው ወደሚቆሙበት ቦታ፣ ገብታችሁ ኃላፊውን እንድታነጋግሩ ነው።

ባንዲራ የሚያውለበልቡት ብርቱካናማ ቱታ የለበሱ ማርሻሎች ያለ ደመወዝ፣ በዝናብም በብርድም ቀኑን ሙሉ ቆመው የሚውሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በሁለት ቢጫ ሥር ሳትቀንሱ ብታልፉ ሕይወታቸውን ነው አደጋ ላይ የምትጥሉት። በዚህ ጉዳይ ምንም ዓይነት ምክንያት አልቀበልም፤ የውድድሩ ኃላፊዎችም አይቀበሉም።

ሁለት ሳምንት ሲቀር፦ መኪናዋና ልብሱ

ከሁሉ በፊት ቀኖቹን ተመልከቱ። የውድድር ወንበርና ቀበቶ የአገልግሎት ማብቂያ ዓመት የተጻፈበት ምልክት አላቸው፤ ቀኑ ካለፈ ዕቃው አዲስ ቢመስልም ፍተሻውን ላያልፍ ይችላል። እሳት ማጥፊያውም የመጨረሻ አገልግሎት ያገኘበት ቀን ይታያል። የራስ ቁሩ ተቀባይነት ያለው የደኅንነት ደረጃ፣ የስኔል ወይም የዓለም አቀፉ የመኪና ፌዴሬሽን (ኤፍአይኤ)፣ ሊኖረውና የሞተርስፖርት ዩኬ ምልክት ሊለጠፍበት ይገባል። እሳት የሚቋቋም ቱታ፣ ጓንት፣ ጫማ፣ እንዲሁም አንገትን የሚጠብቀው ሃንስ የግድ ናቸው። ደንቡ ያዘዘውም አላዘዘው እሳት የሚቋቋም የውስጥ ልብስና የፊት መሸፈኛም ግዙ፤ እኔ ብሆን ገንዘብ የምቆጥበው ከጎማ እንጂ ከልብስ ላይ አይደለም።

ቀጥሎ ፍሬን። መንገድ ላይ የሚያገለግለው ዶት 4 የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ የመፍያ ነጥቡ ከ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዳያንስ ነው የሚጠበቀው፤ ውሃ ሲጠጣ ግን እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት እየሳበ ነው የሚኖረው። በውድድር ዘይቱ ከፈላ አረፋ ይፈጠርና ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ይሰምጣል። ስለዚህ ከ300 ዲግሪ በላይ የሚችል የውድድር ዘይት ሙሉ በሙሉ ቀይሩ፤ አየሩንም ከአራቱም ጎማ አስወጡ። አዲስ የፍሬን ሸራ ካስገባችሁ ሳይለማመድ ወደ ውድድር አትግቡ፤ አምራቹ ባለው መንገድ ቀስ በቀስ አሙቃችሁ አብርዱት።

ከዚያ የዘይት፣ የውሃና የነዳጅ ቱቦዎችን በእጃችሁ እየነካችሁ ፈትሹ። ባትሪው ተወዝውዞ እንዳይላቀቅ መታሰሩን እዩ። ከውጭ ያለው የኤሌክትሪክ ማጥፊያ፣ በሰማያዊ ሦስት ማዕዘን ላይ ቀይ የመብረቅ ምልክት የተለጠፈበት፣ ሲጠመዘዝ ሞተሩ ወዲያው መጥፋት አለበት። ሞተሩን አስነሥታችሁ ሞክሩት፤ ዲናሞው እየመገበው ሞተሩ መሥራቱን የሚቀጥልበት ጊዜ አለ።

ለጉዞ የምትይዙት ክሪክ፣ መኪናዋ ተነሥታ የምትደገፍበት ካቫሌቶ፣ ዳዶ በልኩ የሚያጠብቀው ቶርክ ሬንች፣ ጥሩ የጎማ ንፋስ መለኪያ፣ ትርፍ የፍሬን ሸራ፣ የሞተርና የፍሬን ዘይት፣ የሚጎተትበት ገመድ፣ ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣ ሽቦ፣ ጠንካራ ፕላስተር፣ የዝናብ ጎማ ከነቸርኬው። ወንበርና ድንኳንም አትርሱ። የሚረዳችሁ አንድ ሰው ይኑር፤ መካኒክ ባይሆን ግድ የለም፣ ሰዓት የሚያይና ዳዶ የሚያጠብቅ ይበቃል።

ዓርብ፦ መንገዱን መልመድ

ከውድድሩ በፊት ባለው ዓርብ የልምምድ ቀን ካለ አያምልጣችሁ። ኢንዲ በካርታ ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ መሬቱ ግን ወጣ ገባ ነው፣ ካርታ ደግሞ ዳገትና ቁልቁለት አያሳይም።

የመነሻው ቀጥታ መንገድ ራሱ በትንሹ ወደ ቀኝ ይጎብጣል። መጨረሻው ላይ ፓዶክ ሂል ቤንድ አለ። እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንቆይ፤ የብራንድስ ሃች ጀማሪ ከሁሉ በላይ የሚቸገረው እዚህ ነው። መታጠፊያው ወደ ቀኝ ሲሆን መግቢያው ጉብታ ላይ ስለሆነ መውጫውን አታዩትም። መሪውን በጠመዘዛችሁበት ቅጽበት መሬቱ ከሥራችሁ ይወርዳል፤ መኪናዋ ትቀላለች፣ የኋላ ጎማዎች ለመንሸራተት ይዳዳቸዋል። ግርጌው ላይ ደግሞ ሾክ አብሶርበሩ እስኪጨመቅ ትጫናለች። በውጭ በኩል የሚጠብቃችሁ የጠጠር ሜዳ ነው። መፍትሔው ፍሬናችሁን ጉብታው ላይ ሳትደርሱ፣ መኪናዋ ገና ቀጥ እንዳለች መጨረስ ነው። ከዚያ ነዳጁን በትንሹ ረገጥ አድርጋችሁ ያዙ፤ ቁልቁል እየታጠፋችሁ ሳለ ደንግጣችሁ እግራችሁን ካነሣችሁ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄድና ኋላዋ ይዞራል። የመጀመሪያዎቹን ዙሮች ከሚበቃው በላይ ቀድማችሁ ፍሬን ያዙ፤ ከዚያ በየዙሩ ጥቂት ሜትር ግፉት።

ከፓዶክ በኋላ ዳገቱን ወጥታችሁ ድሩይድስ ትደርሳላችሁ፤ ጠባብ የቀኝ መታጠፊያ ነው። ዳገቱ ስለሚያግዝ ፍሬን ዘግይቶ መያዝ ይቻላል፤ ለመቅደምም አመቺ ነው። በፊት ጎማ የምትነዳ መኪና እዚህ ነዳጅ ቶሎ ከተረገጠ ጎማው ባዶውን ይሽከረከራል፤ መሪው ሲቃና ነው ነዳጅ መስጠት። ቁልቁል ወርዳችሁ ግራ የሚታጠፈውን ግራሃም ሂል ቤንድን፣ ከዚያ ኩፐር የሚባለውን ቀጥታ መንገድ፣ ቀጥሎ ሰርቲስን በግራ፣ ማክላረንን በቀኝ ታልፋላችሁ። የመጨረሻው ክሊርዌይስና ክላርክ የሚባሉት ተከታታይ የቀኝ መታጠፊያ ነው። ረጅም ስለሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ቀድሞ ወደ ውስጠኛው ጠርዝ የተጠጋ ሰው መውጫው ላይ መንገድ ያልቅበትና ነዳጅ ለማንሣት ይገደዳል። እዚህ የጠፋች ፍጥነት ቀጥታውን መንገድ ሙሉ ታስከፍላለች።

ሳትቸኩሉ አስተውሉ፤ አብዛኞቹ መታጠፊያዎች ወደ ቀኝ ናቸው። ሸክሙን የሚችለው የፊት ግራ ጎማ ነው፤ ከሌሎቹ ይበልጥ ይግላል፣ ይበላልም። በዚህ ምክንያት ብዙዎች ሲቀዘቅዝ የፊት ግራውን ንፋስ ከፊት ቀኙ በ1 ወይም በ2 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ መለኪያ አሃድ) ዝቅ አድርገው ይነሣሉ፤ ሲግል ሁለቱ ይስተካከላሉ። ንፋስ የምትለኩት ከመንገድ በወጣችሁበት ቅጽበት፣ ጎማው ሳይበርድ ነው። የራስ ቁራችሁን ሳታወልቁ ረዳታችሁ አራቱን ይለካ፤ ቁጥሩን ከሰዓቱና ከአየሩ ሁኔታ ጋር ደብተር ላይ ይጻፍ። 26 ላይ የተነሣ ጎማ 33 ደርሶ ቢመለስና አምራቹ ሲግል 31 ይሁን ቢል፣ ትርፉን አሁኑኑ አስተንፍሱ። ይህ ደብተር በሚቀጥለው ዓመት ከማንኛውም አማካሪ የበለጠ ይረዳችኋል።

ሌላው የቀኝ መታጠፊያ መዘዝ ነዳጅ ነው። የቤት መኪና የነዳጅ ታንከር ለረጅም መታጠፊያ አልተሠራም፤ ነዳጁ ሲያንስ ወደ አንድ ጎን ሸሽቶ ፓምፑ አየር ይስባል፣ ሞተሩም ክላርክ ላይ ይደናቀፋል። የእናንተዋ መኪና ስንት ሊትር ሲቀራት እንደምትደናቀፍ ዓርብ ላይ እወቁ። ቤንዚን በሊትር 0.74 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን 10 ሊትር መጨመር ከ7 እስከ 8 ኪሎ ነው፤ ለጀማሪ ከመደናቀፍ ይሻላል።

ቅዳሜ ጠዋት፦ ምዝገባና የቴክኒክ ፍተሻ

ከውድድሩ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ የሰዓት ሠሌዳ ይላክላችኋል። አትሙትና መኪናዋ ላይ ለጥፉት። በር ሲከፈት ድረሱ፤ ሆኖም ከተፈቀደው ሰዓት በፊት ሞተር አታስነሡ። ጎረቤት ያለበት አካባቢ ነው፤ የድምፅ ገደቡም ጥብቅ ነው። ጭስ ማውጫው አጠገብ በመለኪያ ይለካል፤ ማርሚታችሁ ከገደቡ በላይ ከጮኸ መንገድ ላይ አትወጡም።

ለፍተሻ ስትቀርቡ መኪናዋ ንጹሕ፣ ኮፈኗ የተከፈተ፣ ልብሳችሁና የራስ ቁራችሁ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ይሁን። ፈታሹ ቀበቶውን ይጎትታል፤ ጎማ ይወዘውዛል፤ የፍሬን መብራትና የኋላውን ቀይ የዝናብ መብራት ያያል፤ የሚፈስ ነገር ካለ ይፈልጋል፤ የመጎተቻው ቀለበት ከፊትም ከኋላም በደማቅ ቀለም መታየቱን ያረጋግጣል። ጀማሪ ከሆናችሁ ከኋላ በቢጫ ላይ ጥቁር ኤክስ ያለበት ምልክት መለጠፍ አለባችሁ። በዚህ አትፈሩ፤ ከኋላ የሚመጣው ሰው ትንሽ ቦታ እንዲሰጣችሁ የሚረዳ ነው። ፈታሹ አንድ ነገር አስተካክሉ ካለ አትከራከሩ፤ አመስግናችሁ አስተካክላችሁ ተመለሱ። ሰዓት የሚመዘግበው ትራንስፖንደር መብራቱ ብልጭ እያለ መሆኑን እዩ፤ የማይሠራ ከሆነ ዙራችሁ አይመዘገብም።

ከዚያ የአሽከርካሪዎች ስብሰባ አለ፤ አዲስ ለሆነ ሰው ግዴታ ነው። ስለ መንገዱ ወሰን የሚባለውን በተለይ ስሙ። ከርብ የሚባለው መንገዱ ዳር ያለው ከፍ ያለ ጠርዝ ነው፤ ጎማ ከከርቡ ውጭ ጠርዝ፣ ከርብ በሌለበት ደግሞ ከነጩ መስመር ሲያልፍ ከመንገድ እንደ መውጣት ይቆጠራል፤ ከተደጋገመ የጊዜ ቅጣት ያመጣል።

የመነሻ ቦታ ማጣሪያ

ብዙውን ጊዜ 15 ደቂቃ ነው። ከተጠራችሁበት ሰዓት 20 ደቂቃ ቀድማችሁ መሰብሰቢያው ቦታ ሁኑ። ከመነሣታችሁ በፊት ረዳታችሁ የጎማ ዳዶዎቹን በቶርክ ሬንች ይንካ፤ የእሳት ማጥፊያው መቆለፊያ ፒን መውጣቱን ይይ።

ቀበቶ የማሰሩ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። መጀመሪያ የወገቡን ታች አውርዳችሁ ዳሌ አጥንት ላይ ታሳርፉና እስኪያስጨንቅ ታጠብቃላችሁ፤ ሆድ ላይ ከወጣ በግጭት ጊዜ አንጀት ይጎዳል። ከዚያ በእግር መሐል የሚያልፈው። የትከሻዎቹ መጨረሻ ላይ፣ ሃንሱ ትከሻ ላይ መቀመጡ ከታየ በኋላ ከላዩ ይወርዳሉ። የሃንሱ ማሰሪያዎች ከራስ ቁሩ ጋር በሁለቱም በኩል መያያዛቸውን ረዳታችሁ በእጁ ስቦ ያረጋግጥ። ስትጨርሱ ትከሻችሁን ከወንበሩ ማላቀቅ ካቃታችሁ ልክ ነው።

አሁን ትንሽ ሒሳብ። 30 መኪና 1.944 ኪሎ ሜትር ላይ ቢሰራጭ በአማካይ በየ65 ሜትሩ አንድ መኪና አለ ማለት ነው። ባዶ መንገድ አታገኙም። ስለዚህ የመጀመሪያው ዙር ላይ ፍሬኑንና ጎማውን አሙቁ፤ ቀጥሎ ለመወዳደር የሚያበቃችሁን ሦስት ዙር ያለ ጣጣ ጨርሱ። ከዚያ በዝግታ አንድ ዙር ሄዳችሁ ከፊታችሁ ክፍተት ፍጠሩና ሁለት ወይም ሦስት ዙር በደንብ ንዱ። ፈጣን መኪና ከኋላ ሲመጣ ከመስመራችሁ ድንገት አትውጡ። የእሱ ሥራ መንገድ ፈልጎ ማለፍ ነው፤ የእናንተ ሥራ ወዴት እንደምትሄዱ እንዲገባው ማድረግ ነው። ለመልቀቅ ብሎ ፓዶክ መግቢያ ላይ መስመር የሚቀይር ጀማሪ ሁለቱንም ጠጠር ውስጥ ይከታል።

በማጣሪያውና በውድድሩ መካከል

መኪናዋን ካቫሌቶ ላይ አውጡ፤ ፍሬን ሸራው ስንት እንደቀረው፣ ጎማው እንዴት እንደተበላ፣ ዘይት እንደጎደለ እዩ። የእጅ ፍሬንን በጋለ ዲስክ ላይ አትሳቡ፤ ጎማው ሥር ማገጃ አድርጉ።

የምትበሉት ቀላል ይሁን። ውሃ ከጠዋት ጀምሮ ትንሽ ትንሽ ጠጡ፤ በቱታ ውስጥ በብርድም ያልባችኋል። የውድድሩ ዘመን የሚከፈተው ብዙ ጊዜ በዐቢይ ጾም ወቅት ስለሆነ ለሚጾም ሰው ጉዳዩ ከባድ ነው። ሩዝ፣ ሙዝ፣ ቴምር፣ ለውዝ በቂ ጉልበት ይሰጣሉ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉና ሳይጠጡ ቆይቶ ግን መኪና ውስጥ መግባት ለራስም ለሌላውም አደገኛ ነው። በዚያ ቀን ምን እንደሚሻል ከንስሐ አባታችሁ ጋር ቀድማችሁ ተመካከሩ፤ ወይም ከጾሙ በኋላ ያለውን ቀን ምረጡ።

መነሻውና የመጀመሪያው ዙር

አረንጓዴ ባንዲራ ሲውለበለብ አንድ ዙር በሰልፍ ትሄዳላችሁ። ይህን ዙር ለማሙቅ ተጠቀሙበት፤ የቀዘቀዘ የፊት ጎማ የመጀመሪያው ፓዶክ ላይ አይታዘዝም። ከዚያ ቦታችሁን ይዛችሁ ትቆማላችሁ። አምስት ሰከንድ የሚል ሠሌዳ ይታያል፣ ቀዩ መብራት ይበራል፤ ሲጠፋ ትነሣላችሁ። የፊት ጎማ ነጂ መኪና ላይ ሞተሩን ከልክ በላይ አታስጩኹት፤ ፍሪሲዮኑን እስከሚይዝበት ነጥብ አምጥታችሁ ጎማው መንገዱን ሲቆነጥጥ ልቀቁት። ሞተሩ ከጠፋባችሁ ወዲያውኑ እጃችሁን አውጥታችሁ አሳዩ፤ ከኋላ ያሉት እንዲያዩ።

ፓዶክ ላይ 30 መኪና በአንድ ጊዜ ይደርሳል። የፊተኞቹ ፍሬን ሲይዙ ሠልፉ ይጨመቃል፤ ስለዚህ ከማጣሪያው ቀድማችሁ ፍሬን መያዝ አለባችሁ። ከፊት ካለው መኪና በግማሽ መኪና ያህል ወደ ጎን ውጡ፤ መንገዱን ታያላችሁ፣ ራዲያተራችሁም አየር ያገኛል፣ ድንገት ቢቆም መሄጃ ይኖራችኋል። የመጀመሪያው ዙር ላይ ቦታ የሚያገኙት ጀግኖቹ አይደሉም፤ ሌሎች ሲሽከረከሩ መንገድ ላይ የቆዩት ናቸው።

ከዚያ በኋላ እስትንፋሳችሁን መልሱ። እጃችሁ መሪውን ጨምድዶ ከያዘ ቀጥታው መንገድ ላይ ጣቶቻችሁን አላሉ። ለመቅደም ድሩይድስን ምረጡ፤ ከመታጠፊያው በፊት አጠገቡ ካልደረሳችሁ ተዉት፣ ሌላ ዙር አለ። የዘይትና የሙቀት መለኪያውን በየዙሩ እዚያው ቀጥታ መንገድ ላይ ተመልከቱ።

መኪናዋ ከቆመች የቻለችውን ያህል ከመንገድ አውጧት። እሳት ወይም ጭስ ከሌለ ማርሻል እስኪመጣ ታስራችሁ ቆዩ፤ ውጡ ሲባል ወጥታችሁ ከመከላከያው ጀርባ ሂዱ። መኪናዋን ለማየት ብላችሁ መንገድ ዳር አትቁሙ።

ከባንዲራው በኋላ

ባለ ጥቁርና ነጭ ዳማ ባንዲራ ሲውለበለብ ዝግ በሉ፤ የመጨረሻዋን ዙር ፍሬኑ እንዲበርድ ተጠቀሙባት፣ ለማርሻሎቹም እጃችሁን አንሥታችሁ ምስጋና ስጡ። ቀጥሎ መኪኖቹ ተዘግተው የሚቆዩበት ቦታ ትገባላችሁ። እዚያ ምንም አትንኩ፤ ንፋስ መለካት እንኳ ፈቃድ ይፈልጋል። ትመዘኑ ይሆናል። የሚለጠፈው ውጤት ጊዜያዊ ነው፤ ተቃውሞ ያለው ሰው የሚያቀርብበት አጭር ጊዜ አለው። ከሰው ጋር ከተነካካችሁ ሄዳችሁ አነጋግሩት፤ የካሜራ ቅጂያችሁን አስቀምጡ፣ ኃላፊዎቹ ሊጠይቁ ይችላሉ። ፈቃድ ለማሳደግ የሚሰበሰበውን ፊርማ ደግሞ ሳትጠይቁ አትሂዱ።

እሁድ ዝናብ ከጣለ ሐሳባችሁን ቀይሩ። በደረቅ ጊዜ ጎማ ቀልጦ የተለጠፈበት መስመር ሲረጥብ ከሁሉ ይበልጥ ያዳልጣል፤ ከእሱ ወጣ ያለ፣ ሸካራ አስፋልት ፈልጉ። ከርብ አትርገጡ። ዝናቡ ሊያቆም ይችላል ብሎ በደረቅ ጎማ መውጣት ልምድ ላለው ሰው የሚተው ቁማር ነው፤ ለእናንተ የዝናብ ጎማ።

ሰኞ ወይም ማክሰኞ፣ ድካሙ ሳይረሳ፣ መኪናዋን ጋራዥ አስገቡ። አራቱንም ጎማ አውጥታችሁ የዲስኮቹን ስንጥቅ እዩ፤ የፍሬን ዘይቱ ከጠቆረ ለውጡት፤ የሞተሩን ዘይት አውርዳችሁ የብረት ብናኝ እንዳለበት በነጭ ጨርቅ ላይ ፈትሹ። የፊት ግራውን ጎማ ጥልቀት ለኩና ከቀኙ ጋር አወዳድሩ፤ ልዩነቱ ለሚቀጥለው ውድድር አንድ ጎማ ወይስ ሁለት ማዘዝ እንዳለባችሁ ይነግራችኋል። ማዘዝ ካለባችሁ በዚያው ቀን እዘዙ፤ የውድድር ጎማ አንዳንዴ ለመድረስ ሳምንታት ይፈጃል፤ የሚቀጥለው ውድድር ምዝገባም ብዙ ጊዜ የሚዘጋው ከዚያ በፊት ነው።